ፎቶ ስትለግሱ የቅጂ መብቱን እንዴት ለራሳችሁ ታስቀራላችሁ?

የመጀመሪያዬን ፎቶ ለአንድ ተቋም የሰጠሁ ቀን ቅጹን የፈረምኩት ቆሜ ነው። ደስ ብሎኛል፣ እስክሪብቶ አቀበሉኝ፣ ጫር አደረግኩ። አንብቤዋለሁ ብል ውሸት ነው። በዓመቱ ያው ፎቶ ፖስትካርድ ሆኖ እዚያው መሸጫቸው ውስጥ ተደርድሮ አየሁት። ስጠይቅ ቅጹን አወጡልኝ። አራተኛው መስመር «በሥራው ላይ ያሉኝን መብቶች በሙሉ አስተላልፌያለሁ» ይላል። ከሥሩ የኔው ፊርማ። ምን እላለሁ? አንድ ፖስትካርድ ገዝቼ ወጣሁ።

ከዚያ ወዲህ እንዲህ ነው የማደርገው።

1. ወረቀቱንና መብቱን ለዩ

በእጃችሁ የያዛችሁት የታተመ ፎቶ አንድ ንብረት ነው። ምስሉን የማባዛት፣ የማሳተምና ለሌላ የመፍቀድ መብት፣ የቅጂ መብት የሚባለው፣ ደግሞ ሌላ ንብረት። ዛሬ በብዙ አገር ሕግ ወረቀቱን የሰጠ ሰው መብቱን ሰጠ አይባልም። ድሮ ግን እንዲህ አልነበረም። ሆቭሴፕ ፑሽማን የሚባል ሠዓሊ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1930 አንድ ሥዕሉ ለኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ተሸጠ። ስለ ማባዛት መብት ያነሳ አልነበረም። ከ10 ዓመት በኋላ ዩኒቨርሲቲው የማባዛቱን መብት ለአንድ አሳታሚ ሸጠው። ፑሽማን ኒውዮርክ ውስጥ ከሰሰ፣ በ1942 ተረታ። ፍርድ ቤቱ «መብቱን ማስቀረት ከፈለግህ ስትሸጥ መናገር ነበረብህ» የሚል ሐሳብ ነው የያዘው። የአሜሪካ ሕግ አሁን ተገልብጧል፤ ከ1978 መጀመሪያ ጀምሮ ዕቃው ቢተላለፍም የቅጂ መብቱ አብሮ አይሄድም፣ መብቱን ለማስተላለፍ የተፈረመ ጽሑፍ ያስፈልጋል።

ታዲያ ሕጉ ከጎናችን ከሆነ ምን ያሰጋል? ያቺ «የተፈረመ ጽሑፍ» የምትባለዋ ነገር ናታ! ተቋሙ የሚያስፈርማችሁ ቅጽ ራሱ የተፈረመ ጽሑፍ ነው።

2. መብቱ የእናንተ መሆኑን አረጋግጡ

ፎቶውን ያነሳችሁት ተቀጥራችሁ ስትሠሩ ከሆነ መብቱ የአሠሪያችሁ ሊሆን ይችላል። ከአባታችሁ አልበም የወጣ ከሆነ ደግሞ ጀርባውን ገልብጡ። የፎቶ ቤት ማኅተም ካለበት፣ ፎቶው የቤተሰባችሁ ቢሆንም መብቱ የፎቶ ቤቱ ሊሆን ይችላል። የሌላችሁን መብት ማስቀረትም ሆነ መስጠት አትችሉም።

3. ቅጹን አስቀድማችሁ አስልኩ

በርክክቡ ቀን ሳይሆን ከሳምንት በፊት። ሰው እየጠበቃችሁ ውል አይነበብም። ሲደርሳችሁ «ሁሉንም መብቶች»፣ «የቅጂ መብትን ጨምሮ»፣ «ብቸኛ ፈቃድ» የሚሉትን ቃላት ፈልጉ። በተለይ ብቸኛ ፈቃድ አታላይ ነው። መብቱ በስማችሁ ይቀራል፤ ግን እናንተም ራሳችሁ ፎቶውን ለመጽሐፋችሁ መጠቀም ላትችሉ ነው። «ብቸኛ ያልሆነ» የሚለውን ነው የምትፈልጉት።

4. አንቀጹን ራሳችሁ ጻፉ

ዋናው ሥራ እዚህ ነው። እኔ የምጠቀምበት ይህን ይመስላል፦

«ለጋሹ የዚህን ህትመት ባለቤትነት ለተቋሙ አስተላልፏል። የፎቶግራፉ የቅጂ መብት በለጋሹና በወራሾቹ እጅ ይቆያል። ተቋሙ ህትመቱን ለማሳየት፣ ለጥበቃና ለመዝገብ ሥራ ለመቅዳት፣ ረጅሙ ጎኑ ከ1200 ፒክስል ባልበለጠ መጠን በድረ ገጹ ለማውጣት፣ ያለክፍያ ብቸኛ ያልሆነ ፈቃድ አለው። ለሽያጭ፣ ለማስታወቂያ ወይም ለሦስተኛ ወገን ለመስጠት የለጋሹን የጽሑፍ ፈቃድ ይጠይቃል። ምስሉ በወጣበት ሁሉ የፎቶ አንሺው ስም ይጠቀሳል።»

1200 ፒክስል ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። በጥሩ የህትመት ጥራት፣ ማለትም በኢንች 300 ነጥብ፣ ከ10 ሴንቲሜትር ብዙም አይበልጥም። ስክሪን ላይ ያምራል፣ ፖስተር ግን አይወጣውም።

አንዳንድ ሰው እዚህ ጋ ይሰስታል። እኔ አልስማማም። ተቋሙ ፎቶውን ስካን ማድረግ፣ ካታሎጉ ውስጥ ማስገባት፣ ለተመራማሪ ማሳየት ካልቻለ ለምን ብሎ ይቀበላችኋል? ለሥራው የሚያስፈልገውን በሰፊው ስጡ፣ ንግዱን ለራሳችሁ አስቀሩ። አንድ ነገር ብቻ ጨምሩ፦ ህትመቱ አንድ ቀን ለሌላ ተቋም ቢተላለፍ ይኸው ገደብ አብሮት እንዲሄድ።

5. ለመደራደር አትፈሩ

ቅጹ በኮምፒውተር ተጽፎ ስለመጣ ከሰማይ የወረደ አይደለም። የማትስማሙበትን መስመር ሰርዙና ሁለታችሁም ከጎኑ አጭር ፊርማ አኑሩ፤ ወይም አንቀጻችሁን በአባሪ አያይዙ። አባሪ ከሆነ «ከቅጹ ጋር ቢጋጭ አባሪው ይጸናል» የምትል መስመር አትርሱ። «አይ፣ እኛ እንደዚያ አናደርግም» ብለው በቃል ቢያረጋግጡላችሁ አመስግኑና እሷኑ እንዲጽፏት ጠይቁ። ቃል የሰጣችሁ ሰው ነገ ሥራ ይለቃል፣ ወረቀቱ ግን እዚያው ነው። የምትሰጡት አንድ ፎቶ ሳይሆን የዕድሜ ልክ ስብስብ ከሆነ የጠበቃ ገንዘብ አይቆጭም።

6. የህትመቱን ጀርባ አዘጋጁ

ስማችሁን፣ ፎቶው የተነሳበትን ዓመት፣ የህትመቱን ቁጥር ለምሳሌ 3/10 (ከ10 ህትመት ሦስተኛው)፣ እና «የቅጂ መብቱ የፎቶ አንሺው ነው» የሚለውን ጻፉ። በለስላሳ እርሳስ፣ ከጀርባው ጠርዝ ላይ፣ ጠረጴዛ ላይ አስደግፋችሁ፣ ሳትጫኑ። ስትጫኑ ጽሑፉ በፊት በኩል እንደ ጭረት ይወጣል። እስክሪብቶ ቀለሙ ይሠርጋል፣ ተለጣፊ ወረቀት ሙጫው ይበላዋል። ፕላስቲክ ነክ ወረቀት እርሳስ አይዝም፤ ያኔ ከአሲድ ነፃ የሆነ ፖስታ ላይ ጻፉት። የቅጂ መብት ዓለም አቀፍ ውል የሆነው የበርን ስምምነት አባል በሆኑ አገሮች መብቱ እንዲጸና ይህን መጻፍ ግዴታ አይደለም፤ የሚጠቅመው ከ30 ዓመት በኋላ ሳጥኑን ለሚከፍተው ሰው ነው።

7. ፋይሉን ለብቻው ያዙት

ህትመት ሰጣችሁ ማለት ትልቁን ፋይል በኢሜይል ላካችሁ ማለት አይደለም። ከጠየቁ ለምን እንደሚፈልጉት ይንገሯችሁ፣ ለዚያ ብቻ የሚሆን መጠን ላኩ።

8. ከእናንተ በኋላ ማን ይጠየቅ?

የቅጂ መብት ከባለቤቱ ዕድሜ ይሻገራል። ለብዙ ሥራዎች ከሞት በኋላ 50 ወይም 70 ዓመት ይቆያል፤ ፎቶ ላይ አንዳንድ አገር አጠር ያደርገዋል። ስለዚህ ውሉ ላይ የወራሽ ስምና አድራሻ ይግባ፣ ሲቀየርም አሳውቁ። «በ6 ወር ውስጥ መልስ ከጠፋ ለትምህርትና ለምርምር መጠቀም ይችላል» ብላችሁ ብትጨምሩበት ጥሩ ነው። አለበለዚያ ፎቶው ፈቃጅ አጥቶ ሳጥን ውስጥ ያረጃል።

ውሉን በሁለት ቅጂ አስፈርሙ፣ አንዱን ይዛችሁ ውጡ። እኔ የኔን ከኔጋቲቩ ጋር በአንድ ፖስታ ነው የማስቀምጠው፤ ያቺን ፖስትካርድም እዚያው ከትቻታለሁ።