ተልባ አምሶ፣ ወቅጦ ለፍትፍት ማዘጋጀት

በዐቢይ ጾም 55 ቀናት ፕሮቲን ከየት ይገኛል ሲባል ብዙ ሰው ሽሮን ይጠራል፤ ተልባን የሚያስታውሰው ጥቂት ነው። 100 ግራም ተልባ ግን 18 ግራም ያህል ፕሮቲን ይዟል፤ አንድ እንቁላል ያለው 6 ግራም ገደማ ነው። በእርግጥ 100 ግራም ተልባ በአንድ ማዕድ የሚጨርስ ሰው አላየሁም። ሦስት የሾርባ ማንኪያ ዱቄት 4 ግራም ያህል ፕሮቲን ይሰጣል፤ ለፍትፍት ደግሞ ይህ በቂ ነው።

ጎንደር ቅዳሜ ገበያ ሲገዙ እፍኝ ዘግነው በመዳፍዎ ያሹት። ጥሩ ተልባ ያንሸራትታል፣ ያብረቀርቃል፤ አፈር ካለበት አፈሩ መዳፍዎ ላይ ይቀራል። የተፈጨውን አይግዙ፤ መቼ እንደተፈጨ የሚያውቀው ሻጩ ብቻ ነው። ቤት ሲደርሱ አበጥረው ይልቀሙት እንጂ አይጠቡት፤ ውሃ ከነካው ዝልግልግ ብሎ እርስ በርሱ ይጣበቃል።

አሁን ማመሱ። እኔ የተቃጠልሁት እዚህ ላይ ነው። መጀመሪያ ያመስሁ ዕለት እንደ ቡና መስሎኝ ቀለሙ እስኪለወጥ ጠበቅሁ። ተልባ ግን ከመጀመሪያውም ቡናማ ነው፤ ቀለሙ ምንም አይናገርም። አንድ ኪሎ ሙሉ መረረብኝ፤ በርበሬም ጨውም አላዳነውም። እናቴ ቀምሳ ሳቀችና «ልጄ፣ ተልባ በጆሮ ነው የሚታመሰው» አለችኝ።

እውነቷን ነው። ብረት ምጣዱን በመካከለኛ እሳት ያሙቁ፤ ከሁለት እፍኝ በላይ አይጨምሩ፤ ማማሰያው አይቁም። ጥቂት ቆይቶ መንጣጣት ይጀምራል። «ተልባ ቢንጫጫ በአንድ ሙቀጫ» የሚባለው ለካ ይህን ድምፅ ለሰማ ሰው ነው! ጫጫታው ሲደራና ሽታው ሲያውድ አንድ ፍሬ በጥርስዎ ይስበሩ። ቀጭ ብሎ ከተሰበረና ውስጡ ፈዘዝ ያለ ቢጫ ከሆነ ደርሷል፤ ውስጡ ከጠቆረ አልፏል። ወዲያውኑ ሰፌድ ላይ ይገልብጡት፤ እሳቱን አጥፍተው ምጣዱ ላይ ቢተዉት የጋለው ብረት ማመሱን ይቀጥላል።

ሲበርድ ይውቀጡ። ሳይደቅ የተበላ ፍሬ አብዛኛው እንዳለ ከሆድ ይወጣል፤ ፕሮቲኑም አብሮት ይሄዳል። ሙቀጫን የሚያህል የለም። በቡና መፍጫ ማሽን ከሆነ ትንሽ በትንሽ፣ እያቋረጡ ይፍጩ፤ አለበለዚያ ዘይቱ ይወጣና ሊጥ ይሆናል። ዱቄቱ የሳምንት ብቻ ይሁን፤ ቀሪውን ሳይታመስ ያስቀምጡት፤ የደቀቀ ተልባ ዘይቱ አየር ሲያገኝ ጣዕሙ ቶሎ ይበላሻል።

ለፍትፍቱ ሦስት ማንኪያ ዱቄት በአንድ ብርጭቆ ቀዝቃዛ ውሃ በጥብጠው ጨውና ሚጥሚጣ ይጨምሩ። ወዲያው ቢቀጥንብዎ ዱቄት አይጨምሩ፤ ከአሥር ደቂቃ በኋላ ራሱ ይወፍራል። ከዚያ የተቆራረሰ እንጀራ ላይ ያፍስሱት።

ከጎኑ ሽሮ ቢኖር ይመረጣል። ተልባ ላይሲን የተባለው የፕሮቲን ክፍል ያንሰዋል፤ ሽንብራና አተር ደግሞ በዚህ ሀብታም ናቸው። ሽሮው ከሌለ የተቆላ ሽንብራ ይቆርጥሙ፤ ውሃም በደንብ ይጠጡ፤ ተልባ ሆድ ውስጥም ውሃ ይመጥጣል።