የእግር ደም ቅዳ መጥበቡን በቁርጭምጭሚት ግፊት እንዴት መለካት ይቻላል

ትንሽ መንገድ ሲሄዱ ባታቸውን ጨምድዶ የሚይዛቸው፣ ቆም ሲሉ በደቂቃዎች ውስጥ የሚለቃቸው ሰዎች አሉ። ብዙ ጊዜ «ብርድ ነው»፣ «እርጅና ነው» ተብሎ ይታለፋል። ሕመሙ እንዲህ በጉዞ እየመጣ በእረፍት የሚሄድ ከሆነ ግን መጀመሪያ መጠርጠር ያለበት ወደ እግር የሚወርደው ደም ቅዳ ነው። ግድግዳው ላይ ስብ ተጋግሮ ሲጠብ፣ በእረፍት ሰዓት የሚበቃው ደም ጡንቻው ሥራ ሲጀምር ያንሳል።

ይህን ለመለየት የመጀመሪያው ምርመራ ሲቲ ስካንም አንጂዮግራፊም (ቀለም ተወግቶ የሚነሳ የደም ሥር ራጅ) አይጠይቅም። የደም ግፊት መለኪያ፣ በእጅ የሚያዝ ዶፕለር (የደም ፍሰትን በድምፅ የሚያሰማ መሣሪያ)፣ ጄልና አልጋ ካሉ ይበቃል። የቁርጭምጭሚት ግፊት ለክንድ ግፊት ተካፍሎ የሚገኘው ቁጥር ኤቢአይ ይባላል። ትራቪስ ዊንሶር እ.ኤ.አ. በ1950፣ ጄምስ ያኦ ደግሞ በ1969 ባሳተሟቸው ጥናቶች ላይ የቆመ ዘዴ ነው፤ ዛሬም በዓለም ዙሪያ የሚሠራበት ነው። ልኬቱ የባለሙያ ሥራ ቢሆንም ታካሚውም ደረጃዎቹን ቢያውቃቸው ይጠቅመዋል፤ በጥድፊያ የተወሰደ ልኬት በሽተኛውን «ደህና ነህ» ብሎ ሊሸኘው ይችላልና።

ማን ይለካ?

ሲራመድ እግሩን የሚያመው፣ እግሩ ላይ የማይድን ቁስል ያለበት፣ ሌሊት ተኝቶ ጣቶቹን ሲያቃጥለው እግሩን ከአልጋ ላይ የሚያንጠለጥል ሰው መለካት አለበት። ምልክት ባይኖርም ዕድሜው 65 የሞላው፣ ወይም ከ50 እስከ 64 ሆኖ ስኳር፣ የደም ግፊት ወይም ከፍተኛ ኮሌስትሮል ያለበት ወይም የሚያጨስ ሰው ቢለካ ተገቢ ነው።

አንድ እግር በድንገት አብጦ፣ ሞቆና ባቱ ሲነካ የሚያም ከሆነ ግን ካፍ (የግፊት መለኪያውን የሚነፋ መቀነት) አያስሩበት። በጥልቁ ደም መልስ ውስጥ ደም ረግቶ ሊሆን ስለሚችል መጀመሪያ አልትራሳውንድ ይታይ። እግሩ በድንገት ቀዝቅዞ፣ ገርጥቶ፣ ደንዝዞ መንቀሳቀስ ካቃተውም ለስሌት የሚባክን ጊዜ የለም። ደም የተቋረጠበት ጡንቻ በስድስት ሰዓት ገደማ ውስጥ የማይመለስ ጉዳት ስለሚደርስበት ታካሚው በቀጥታ ቀዶ ሕክምና ወዳለበት ሆስፒታል ይሂድ።

ዕቃው

የዶፕለሩ ፕሮብ (ቆዳ ላይ የሚያርፈው ጫፉ) ከ8 እስከ 10 ሜጋ ኸርዝ መሆን አለበት። በወሊድ ክፍል የፅንስ ልብ ምት የሚሰማበት መሣሪያ አብዛኛውን ጊዜ ከ2 እስከ 3 ሜጋ ኸርዝ ስለሆነ ጥልቀት ላለው ነገር የተሠራ ነው፤ ከቆዳ ሥር ቅርብ ያለችውን ቀጭን ደም ቅዳ በደንብ አያሰማም። የካፉ የሚነፋው ክፍል ስፋት የእጅና የእግሩን ዙሪያ ቢያንስ 40 በመቶ ሊሆን ይገባል። ዙሪያው 30 ሴንቲ ሜትር ለሆነ ክንድ 12 ሴንቲ ሜትር፣ 25 ለሆነ ቁርጭምጭሚት 10 ሴንቲ ሜትር ማለት ነው። ጠባብ ካፍ ግፊቱን ከእውነተኛው በላይ አድርጎ ያሳያል።

አለካኩ

ታካሚው ቢያንስ ለሁለት ሰዓት ሳያጨስ ይምጣ። ጫማና ካልሲ አውልቆ፣ ክፍሉ ሳይቀዘቅዝ፣ በጀርባው ጠፍጣፋ ተኝቶ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ይረፍ። አተኛኘቱን ችላ አይበሉ። ቁርጭምጭሚት ከልብ በታች በወረደ ቁጥር በየ10 ሴንቲ ሜትሩ 8 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ያህል ግፊት ይጨመርበታል። ወንበር ላይ ተቀምጦ የተለካ ሰው፣ ወይም ትራስ ተደራርቦለት ደረቱ ከፍ ያለ፣ የታመመ እግሩ ጤነኛ መስሎ ሊወጣ ይችላል።

በቀኝ ክንድ ይጀምሩ። ክንዱም የሚለካው በጆሮ ማዳመጫ ሳይሆን በዶፕለሩ ነው። ጄሉን ቀብተው ፕሮቡን ከ45 እስከ 60 ዲግሪ አዘንብለው ምቱ ጎልቶ እስኪሰማ ቀስ ብለው ያንቀሳቅሱ። አይጫኑት፤ ግፊቱ ዝቅ ያለ ደም ቅዳ በፕሮቡ ክብደት ብቻ ሊዘጋ ይችላል። ካፉን ይንፉ፤ ድምፁ ሲጠፋ 20 ጨምረው ያቁሙ። ከዚያ በሰከንድ 2 ሚሊ ሜትር ያህል ያስተንፍሱት። ድምፁ ተመልሶ በተሰማበት ቅጽበት ያለው ቁጥር ይመዝገብ።

ወደ ቀኝ እግር ይለፉ። የካፉ የታችኛው ጠርዝ ከውስጠኛው የቁርጭምጭሚት ጉብታ 2 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ይታሰር። ቁስል ካለ በፕላስቲክ ይሸፈን፤ በቀዶ ሕክምና በተተከለ ደም ሥር ላይ ግን ካፍ አይታሰር። ሁለት ቦታ ይለካል። አንደኛው በውስጠኛው ጉብታና በተረከዙ ጅማት መካከል ነው። ሁለተኛው ከእግሩ ጀርባ ላይ፣ ከአውራ ጣቱና ከሁለተኛው ጣት መካከል ወደ ላይ ሲወጡ የሚገኘው ነው። ይህ ሁለተኛው በአንዳንድ ጤነኛ ሰዎችም ላይ በጣት ሲዳሰስ ስለማይገኝ፣ በጣት ታጣ ተብሎ ብቻ በሽታ አለ አይባል።

ጆሮዎንም ያሠሩት። ጤነኛ ደም ቅዳ በእያንዳንዱ የልብ ምት ላይ ጥርት ያለ ሁለት ወይም ሦስት ድምፅ ያሰማል። ከላይ የጠበበ ከሆነ አንድ ብቻ፣ የለዘበና የተጎተተ ይሆናል። ከምት ጋር የማይሄድ፣ እንደ ንፋስ የሚነፍስና ከትንፋሽ ጋር የሚለዋወጥ ድምፅ ከሰሙ ያገኙት ደም መልስ ነውና ፕሮቡን ትንሽ ያንቀሳቅሱ።

ግራ እግርን በተመሳሳይ መንገድ ለክተው በግራ ክንድ ይጨርሱ። የመጀመሪያው ክንድ ከሁለተኛው በ10 ወይም ከዚያ በላይ ከበለጠ፣ በመጨነቅ የመጣ ሊሆን ስለሚችል የመጀመሪያውን ደግመው ለክተው የቀድሞውን ይጣሉት። ተደግሞም ልዩነቱ ከ15 እስከ 20 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ የክንዱ ደም ቅዳ ራሱ ጠቦ ሊሆን ይችላል።

ስሌቱ

ለእያንዳንዱ እግር ከሁለቱ ቁጥሮች ትልቁን ወስደው፣ ከሁለቱ ክንዶች በትልቁ ያካፍሉ። ቀኝ ክንድ 138፣ ግራ ክንድ 132 ነው እንበል። ቀኝ እግር 122 እና 110፣ ግራ እግር 84 እና 90 ተገኘ። ቀኙ 122 ለ138 ሲካፈል 0.88፣ ግራው 90 ለ138 ሲካፈል 0.65 ይሆናል። ሁለቱም ታማሚ ናቸው። ለኪው ቸኩሎ ግራ ክንድን ብቻ ቢለካ ኖሮ ቀኙ እግር 0.92 ሆኖ ከበሽታው መስመር ያልፍ ነበር። ሁለቱም ክንዶች ይለኩ የሚባለው ለዚህ ነው።

ከ1.00 እስከ 1.40 ጤነኛ፣ ከ0.91 እስከ 0.99 አጠራጣሪ፣ 0.90 እና ከዚያ በታች ደም ቅዳው መጥበቡን የሚያሳይ ነው። ከ0.40 በታች ከሆነ፣ ወይም የቁርጭምጭሚቱ ግፊት ከ50 ካነሰ እግሩ አደጋ ላይ ነው፤ ቀጠሮ አይራዘም።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ከ1.40 በላይ ሲሆን ነው። ከፍ ያለ ቁጥር መልካም ዜና አይደለም። ስኳር በሽታ ወይም የኩላሊት ድካም ለረጅም ዓመታት ባለባቸው ሰዎች የደም ቅዳው ግድግዳ ካልሲየም ተጠራቅሞበት ስለሚደርቅ ካፉ ሊጨብጠው አይችልም። እስከ 300 ተነፍቶም ድምፁ ካልጠፋ ወዲያው ያስተንፍሱ። ለእነዚህ ሰዎች የአውራ ጣት ግፊት በትንሽ ካፍ ይለካል፤ እዚያ ለክንድ ተካፍሎ 0.70 እና ከዚያ በታች በሽታ ነው። ስኳር ያለበት ሰው እግሩ ቆስሎ ኤቢአይው «ደህና» ቢወጣም የጣቱ ግፊት ሳይለካ መሸኘት የለበትም።

ቁጥሩ ጤነኛ ሆኖ ሕመሙ ግን ትክክለኛው ዓይነት ከሆነ ታካሚውን አራምደው ወዲያው ይለኩት። ኤቢአይው ከ20 በመቶ በላይ፣ ወይም የቁርጭምጭሚት ግፊቱ ከ30 በላይ ከወረደ በእረፍት የተደበቀው ጥበት ታየ ማለት ነው።

ከዚያስ?

ዝቅተኛ ቁጥር የልብና የአንጎል ደም ቅዳዎችም ሊጠቡ እንደሚችሉ ስለሚጠቁም ሕክምናው እግር ላይ ብቻ አይቆምም። ሲጋራ ይቆማል፤ ኮሌስትሮል የሚቀንሰው ስታቲን ይጀመራል፤ ግፊትና ስኳር ይስተካከላሉ። ምልክት ላለው ሰው ሐኪም ደም እንዳይረጋ አስፕሪን ወይም በቀን 75 ሚሊ ግራም ክሎፒዶግሬል ያዛል። የመራመድ ሕክምናውም እንደ መድኃኒቱ ተከብሮ ይያዝ፦ ሕመሙ ጠንከር እስኪል መሄድ፣ እስኪለቅ ማረፍ፣ እንደገና መሄድ፤ በአንድ ጊዜ ከ30 እስከ 45 ደቂቃ፣ በሳምንት ሦስት ቀን፣ ቢያንስ ለ12 ሳምንት። በዚህ ብዙዎች ሳያማቸው የሚሄዱት ርቀት ይጨምራል። ስቴንት (የጠበበውን ደም ቅዳ ከፍቶ የሚይዝ ቱቦ) ማስገባት ወይም ደም ሥር መቀጠል የሚታሰበው ቁስሉ ካልዳነ፣ በእረፍት የሚያም ከሆነ ወይም ሕመሙ ኑሮን ካሰናከለ ነው።

እግር በጥብቅ ፋሻ ከመታሰሩ በፊትም ይህ ልኬት ይወሰድ። የደም መልስ ቁስል፣ እንዲሁም በባዶ እግር ከመሄድ የሚመጣው የደጋው ዝሆኔ፣ ፖዶኮኒዮሲስ፣ በፋሻ ይታከማሉ። ያበጠ እግር ላይ ድምፁን ማግኘት ስለሚከብድ ሰፊ ካፍና ብዙ ጄል ያዘጋጁ። ኤቢአይ 0.80 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ጠንከር ያለ ፋሻ ይቻላል። ከ0.50 እስከ 0.80 ባለው የላላ ፋሻ በባለሙያ ክትትል ብቻ ይታሰራል፤ ከ0.50 በታች ከሆነ ግን ፋሻው የቀረውን ደም ስለሚያግድ ጭራሽ አይታሰርም፤ ታካሚው መጀመሪያ የደም ሥር ሐኪም ዘንድ ይላካል።