በጡረታ ጊዜ አሜሪካን በአርቪ ማቋረጥ፦ ችግርና መፍትሄ

ከዲሲና ከሜሪላንድ አካባቢ ተነስቶ በአርቪ፣ ማለትም መኝታና ሽንት ቤት ባለው የጉዞ መኪና፣ እስከ ካሊፎርኒያ መሄድ የብዙ ጡረተኛ ወገኖቻችን ምኞት ነው። ዕድሜያቸውን ታክሲ ሲነዱና የሌሊት ፈረቃ ሲሠሩ የኖሩ ሰዎች ናቸው፤ ይህን ሰፊ አገር ተዝናንተው ማየት ይገባቸዋል። መንገድ ላይ የሚያማርረው ችግር ግን አብዛኛው ገና ቤት ሳሉ የሚጀምር ነው፦ ሳይመዘን የተጫነ ዕቃ፣ ሳይጣራ የተመረጠ መንገድ፣ ሳይጠየቅ የቀረ ኢንሹራንስ። ስለዚህ የሚከተለውን ከመነሳትዎ ወራት አስቀድመው ይዩት።

ምጣዱ ሲጣድ መብራቱ ድርግም ይላል

ብዙ መካከለኛ አርቪዎች በ30 አምፒር መስመር ነው የሚሠሩት። 30 አምፒር በ120 ቮልት ሲባዛ 3,600 ዋት ይሆናል፤ ከዚያ ሲያልፍ ብሬከሩ ይዘላል። የጣሪያው ኤሲ ብቻውን ወደ 1,500 ዋት ይወስዳል፣ በኤሌክትሪክ የሚሠራው የውሃ ማሞቂያ ደግሞ 1,400 ገደማ። ምጣድ ሲጨመርበት ሞላ ማለት ነው። የምጣድዎን ዋት ከሥሩ ከተለጠፈው ጽሑፍ ያንብቡና ይደምሩ።

መፍትሄው የውሃ ማሞቂያውን ወደ ጋዝ ማዞርና እንጀራው እስኪያልቅ ኤሲውን ማጥፋት ነው፤ ጠዋት በብርዱ ቢጋገር ይሻላል። አዳፕተር ገዝቶ የ30 አምፒር አርቪን ትልቁ የ50 አምፒር ሶኬት ላይ መሰካት ኃይል አይጨምርም፤ የአርቪው ዋና ብሬከር ያው 30 ነው።

የዘለለው ዋናው ሳይሆን ውስጥ ካሉት ትንንሾቹ አንዱ ከሆነ ግን፣ ምጣዱ ከማይክሮዌቩ ወይም ከሌላ ዕቃ ጋር አንድ መስመር ላይ ወድቋል። እኔ የምመክረው ውጭ መጋገር ነው። የካምፑ የኤሌክትሪክ ምሰሶ ላይ ብዙ ጊዜ ራሱን የቻለ የ20 አምፒር ሶኬት አለ። ወፍራም፣ 12 ጌጅ የሆነ አጭር ኤክስቴንሽን ይያዙ። ሦስት አራት እንጀራ ካወጡ በኋላ መሰኪያውን በእጅዎ ይንኩት፤ የሚፋጅ ከሆነ ወዲያው ይንቀሉት፣ ሽቦው ወይም ሶኬቱ አልቻለም። ቡናውም ውጭ ይቆላ። የጭስ ጠቋሚውን ባትሪ አውጥቶ ውስጥ መቁላት በፍጹም አይሞከር፤ የጋዝ ሲሊንደር ባለበት ጠባብ ቤት ውስጥ ነው የሚተኙት። የሎውስቶንን በመሰለ ድብ ባለበት ፓርክ ደግሞ ምግብም ሆነ የምግብ ዕቃ ውጭ ትቶ መግባት ክልክል ነው።

ጎማ ይፈነዳል፣ ቁልቁለት ላይ ፍሬን ይሸታል

ምክንያቱ ክብደትና ዕድሜ ነው። በሩ አጠገብ አርቪው ሰውና ዕቃ ተደምሮ ስንት ፓውንድ መሸከም እንደሚችል የሚናገር ጽሑፍ ተለጥፏል፤ ብዙ ሰው ሲያየው ይደነግጣል። አንድ ጋሎን ውሃ ከ8 ፓውንድ በላይ ይመዝናል፤ 40 ጋሎን ሞልተው ከተነሱ 330 ፓውንድ ከፍ ያለ ሸክም ይዘዋል። የጤፍ ዱቄቱ፣ በርበሬው፣ ወንበሩ፣ ረከቦቱ ከዚያ በላይ ነው። ካምፑ ውስጥ ውሃ ካለ ለመንገድ የሚበቃዎትን ብቻ ይያዙ። ከዚያም ሁሉንም ጭነው፣ ነዳጅ ሞልተው፣ ሁለታችሁም ተቀምጣችሁ የከባድ መኪና ማደያ ሚዛን ላይ ይውጡ። ዋጋው ትንሽ ነው፤ ግምትን ያስቀራል።

የጎማው ጎን ላይ ዲኦቲ (DOT) ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ አራት ቁጥሮች አሉ። 2319 ማለት በ2019 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። አርቪ ብዙውን ጊዜ ቆሞ ስለሚከርም ጥርሱ አዲስ ይመስላል፣ ጎማው ግን በፀሐይ አርጅቷል። ስድስትና ሰባት ዓመት ከሞላው ያስቀይሩት። አየሩን የሚለኩት ጠዋት፣ ከመንቀሳቀስዎ በፊት ነው።

ፍሬኑ የሚሸተው ቁልቁለቱን በፍሬን ብቻ ስለወረዱት ነው። ኮሎራዶ ውስጥ በሃይዌይ 70 የአይዘንሃወርን ዋሻ ሲያልፉ ከ11,000 ጫማ ከፍታ ላይ ነው ቁልቁለቱ የሚጀምረው። ማርሹን ቁልቁለቱ ሳይጀምር ዝቅ ያድርጉ፤ ሞተሩ ይያዝልዎ። ከሸተተ ጥግ ይዘው ያቁሙና እስኪቀዘቅዝ ይጠብቁ፤ ውሃ አያፍሱበት።

ጉዞው በተጀመረ በሦስተኛው ቀን ባልና ሚስት ይኮራረፋሉ

ይህ የጠባይ ችግር አይደለም፣ ድካም ነው። የስልኩ ካርታ የሚነግርዎት የትንሽ መኪና ሰዓት ነው፤ ስምንት ሰዓት ያለው በአርቪ ዐሥርና ከዚያ በላይ ይሆናል። በቀን ከ300 ማይል አይለፉ፣ ፀሐይ ሳለ ካምፕ ይግቡ፣ በየሦስት አራት ቀኑ አንድ ቦታ ሁለት ሌሊት ይደሩ። ከዲሲ ሳን ፍራንሲስኮ 2,800 ማይል ገደማ ነውና ለመሄጃ ብቻ ሦስት ሳምንት ይመድቡ። ሁለቱም መንዳት ይልመዱ፤ የሁለተኛው ሰው ስም በኪራይ ውሉና በኢንሹራንሱ ላይ መኖሩን ያረጋግጡ። ወደ ኋላ መንዳትን በሥራ ቀን በባዶ የቤተ ክርስቲያን ፓርኪንግ መለማመድ ይቻላል።

መንገዱ አያሳልፍም፣ ካምፑም ሞልቷል

የአርቪዎን ቁመትና ርዝመት ጽፈው መሪው አጠገብ ይለጥፉ። ልጆቻቸውን ለማየት በመጀመሪያ ወደ ሰሜን የሚነሱ ሰዎች፣ በባልቲሞር ወደብ ሥር የሚያልፉት ሁለቱ ዋሻዎች ከ10 ፓውንድ በላይ የሚይዝ የፕሮፔን ሲሊንደር እንደማያስገቡ ይወቁ፤ የተለመደው የአርቪ ሲሊንደር 20 ነው። ማለፊያ የነበረው የኪ ድልድይ ማርች 26 ቀን 2024 መርከብ ገጭቶት ስለወደቀ፣ በሃይዌይ 695 በምዕራብ በኩል ዙሩ። ሞንታና በግሌሸር ፓርክ ደግሞ ጎይንግ ቱ ዘ ሰን የተባለው መንገድ በተራራው ክፍል ከ21 ጫማ የረዘመ መኪና አያሳልፍም፤ አርቪውን አቁመው በሹትል ወይም በትንሽ መኪና ይሂዱ።

ካምፕ ያጡት ዘግይተው ስለፈለጉ ነው። በሪክሪኤሽን ዶት ጎቭ ድረ ገጽ ላይ ብዙዎቹ የፌዴራል ካምፖች ከስድስት ወር በፊት ይከፈታሉ። 62 ዓመት የሞላው ዜጋ ወይም ግሪን ካርድ ያለው ሰው በ80 ዶላር የዕድሜ ልክ የብሔራዊ ፓርኮች ካርድ ያገኛል፤ በብዙ የፌዴራል ካምፖችም ግማሽ ዋጋ ያስከፍላል።

ኢንሱሊኑ ሞቀ፣ ሐኪሙም ካርዱን አልቀበልም አለ

በጋዝና በኤሌክትሪክ የሚሠራው የአርቪ ፍሪጅ መኪናው ዘመም ብሎ ከቆመ አያቀዘቅዝም። ካምፕ ሲገቡ መጀመሪያ አርቪውን በውሃ ልክ ያስተካክሉ፣ ፍሪጁ ውስጥም ቴርሞሜትር ያስቀምጡ፤ ያልተከፈተ ኢንሱሊን ከ36 እስከ 46 ዲግሪ ፋራናይት ውስጥ መቆየት አለበት።

ኦሪጅናል ሜዲኬር፣ ማለትም መንግሥት ራሱ የሚያስተዳድረው የጡረተኞች የጤና መድን፣ በአገሪቱ ውስጥ ሜዲኬር የሚቀበል ሐኪም ዘንድ ሁሉ ይሠራል። በግል ኢንሹራንስ ኩባንያዎች በኩል የሚሰጠው ሜዲኬር አድቫንቴጅ ግን ብዙ ጊዜ በአካባቢዎ ሐኪሞች የተወሰነ ነው፤ ድንገተኛ ሕመም በየትም ይሸፍናል፣ ለመደበኛ ቀጠሮ ግን ላይከፍል ይችላል። ከመነሳትዎ በፊት ደውለው ይጠይቁ፣ የደም ግፊትና የስኳር መድኃኒትዎንም የ90 ቀን ያስጽፉ።

ሽንት ቤቱ ይሸታል

የቆሻሻው ታንክ ቧንቧ ክፍት ቀርቶ ፈሳሹ ሄዷል፣ ደረቁ ቀርቷል። እስከ ሁለት ሦስተኛ እስኪሞላ ዘግተው ያቆዩት፣ ውሃ አይቆጥቡበት። ሲያፈሱ የሽንት ቤቱ ይቅደም፤ የእቃ ማጠቢያው ውሃ ተከትሎ ቱቦውን ያጥበዋል።

ሌሊት ማሞቂያው ይቆማል

የማሞቂያው ጋዝ እያለ ማራገቢያው የሚዞርበት ባትሪ አልቋል። የተለመደው የአሲድ ባትሪ ሙሉ ሲሆን 12.6 ቮልት ገደማ ያሳያል፤ 12.1 ሲደርስ ተጋምሷልና ከዚያ በታች አያውርዱት። ይህን ለመፈተን ቨርጂኒያ ያለው የሸናንዶአ ብሔራዊ ፓርክ ጥሩ ነው፦ ቅርብ ነው፣ ካምፖቹም ኤሌክትሪክ የላቸውም። ሁለት ሌሊት እዚያ ይደሩና ጠዋት ጠዋት ቮልቱን ይመዝግቡ። በፓርኩ መንገድ በስካይላይን ድራይቭ ላይ ያለው የሜሪስ ሮክ ዋሻ ከፍታው 12 ጫማ ከ8 ኢንች ስለሆነ፣ ቁመቱ ከፍ ያለ አርቪ ያላችሁ በየትኛው የፓርኩ በር እንደምትገቡ አስቀድማችሁ ወስኑ።