የጀልባ ሞተር ውሃ ሲያፈስ፦ በጣና ዳርቻ ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ፣ ወደ ደቅ ወይም ወደ ጎርጎራ በሚመላለስ ጀልባ ሆድ ውስጥ ውሃ ሲገኝ፣ ብዙውን ጊዜ የሚደረገው ውሃውን ቀድቶ መድፋትና ጉዞውን መቀጠል ነው፤ ችግሩ ሲደጋገም ደግሞ እርጥብ የሆነውን የሞተር ክፍል ሁሉ ሲሊኮን መቀባት። ሁለቱም ምክንያቱ ሳይታወቅ የሚደረጉ ናቸው። ሰው የጫነ ጀልባ፣ በተለይ ከቀትር በኋላ ነፋሱ ሲነሣ፣ ሐይቁ መካከል ሞተሩ ቢቆምበት የሚደርሰውን ጭንቀት ያየ ሰው፣ ለምርመራው የሚጠፋው ግማሽ ቀን እንደማይበዛ ይስማማል።

ከሁሉ የሚቀድመው ስህተት ውሃ የተጠራቀመበትን ቦታ የፈሰሰበት ቦታ አድርጎ መውሰድ ነው። ውሃ ተንጠባጥቦ ይወርዳል፣ በቺንጋው (በሞተሩ የጎማ ቀበቶ) ዙረት ይረጫል፣ በቧንቧ ሥር ተንሸራትቶ ከምንጩ ርቆ ይታያል። ከሞተሩ ላይመጣም ይችላል፤ ዝናብ፣ የቀፎው ስንጥቅ ወይም የፕሮፔለሩ ዘንግ መውጫ ሊሆን ይችላል። ለመለየት የጀልባውን ወለል አድርቆ፣ ሞተሩን ሳያስነሡ ጥቂት ሰዓት ማቆየት ያስፈልጋል። በዚህ ጊዜ ውሃ ከጨመረ ከሐይቁ በቀጥታ እየገባ ነው፤ የሞተሩን የውሃ መሳቢያ ቫልቭ ዘግቶ ዳግም ሲታይ መግባቱን ካቆመ ጥፋቱ ከቫልቩ ወዲህ ባለው ቧንቧ ወይም ፓምፕ ላይ ነው፣ ካላቆመ ደግሞ ቀፎው ወይም የዘንጉ መውጫ ይመረመር። ሞተሩ ሲሠራ ብቻ የሚፈስ ከሆነ ግን ከሥሩ ደረቅ ካርቶን አንጥፎ የመጀመሪያዋ ጠብታ የምታርፍበትን ቦታ መጠበቅ ነው። ቫልቩን ሳይከፍቱ ሞተሩን ማስነሣት ፈጽሞ አይገባም፤ የፓምፑ የጎማ ክንፍ ውሃ ሲያጣ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ይቃጠላል።

በገመድ ማሸጊያ የተሠራ የዘንግ መውጫ፣ ዘንጉ ሲዞር ጥቂት ጠብታ እንዲያንጠባጥብ ሆኖ ነው የተሠራው፤ ያ ጠብታ ማቀዝቀዣው ነው። እስኪደርቅ ድረስ ማጥበቅ ማሸጊያውን ያቃጥላል፣ ዘንጉንም ይቦረቡራል። ከጀልባው ኋላ በሚሰቀሉ ሞተሮችም ከጎን በቀጭኑ የሚተፋው ውሃ ፍሳሽ ሳይሆን ማቀዝቀዣው መሥራቱን የሚናገር ምልክት ነው፤ መስጋት የሚገባው ሲጠፋ ነው።

ለባሕር የተጻፉ የጥገና መመሪያዎችን እንደ ቃላቸው መከተልም ያሳስታል። እነርሱ ፍሳሹ ያለበት ቦታ ላይ ነጭ የጨው ቅርፊት ፈልጉ ይላሉ፤ ጣና ግን ጨው የሌለው ሐይቅ ነው። እኛ ጋር የሚገኘው ምልክት፣ በተለይ ክረምት ላይ ጉማራ፣ ርብና ግልገል አባይ ደለል ሲያመጡ፣ የደረቀ ቡናማ የጭቃ መስመር ነው። የራሱ የተዘጋ ማቀዝቀዣ ባለው ሞተር ላይ ፈሳሹ ቀለም ካለውና ካሙለጨለጨ የኩላንት (የማቀዝቀዣው ፈሳሽ) ፍሳሽ ነው፤ በምላስ መቅመስ ግን አይገባም፣ መርዝ ነውና።

አሁን ደግሞ በጣም የሚያሳዝነኝን ስህተት ልግለጽ። በብዙ ሞተሮች ላይ የውሃ ፓምፑ ሁለት ፓራዎሊ (በዘንግ ዙሪያ ፈሳሽ የሚያግድ ቀለበት) አለው፤ አንዱ ውሃውን፣ ሌላው የሞተሩን ዘይት ይከለክላል። በሁለቱ መካከል ወደ ውጭ የሚከፈት ትንሽ ቀዳዳ የተተወው፣ አንዱ ሲያረጅ ፈሳሹ ወደ ሌላው ሳይሻገር ውጭ ወጥቶ እንዲታይ ነው። ከዓመታት በፊት ተጠግኗል ተብሎ የመጣ አንድ ጀልባ ላይ ይህ ቀዳዳ በማጣበቂያ ተደፍኖ አገኘሁት። ፍሳሹ በእርግጥ ቆሞ ነበር፤ ውሃው ግን መውጫ ሲያጣ የዘይቱን ፓራዎሊ አልፎ ወደ ሞተሩ ገብቶ ነበር። በፓራዎሊ ዋጋ ያልቅ የነበረው ሥራ ኩሽኔታዎቹን (ዘንግ የሚሽከረከርባቸውን መያዣዎች) ሁሉ አስቀየረ። ከዚህ ቀዳዳ ውሃ ከወጣ ፓምፑ ይፈታ፤ ሲፈታም ፓራዎሊውን ብቻ ለውጦ መዝጋት አይበቃም። በአሮጌው ፓራዎሊ የተቦረቦረ ዘንግ አዲሱንም በአጭር ጊዜ ይበላዋል፤ የላላ ኩሽኔታም እንዲሁ።

ሲሊኮን ራሱ መጥፎ ነገር አይደለም፤ አምራቹ ባዘዘበት ቦታ በስሱ ይቀባል። በተሰነጠቀ ማኒኮቶ (የጎማ ቧንቧ) ላይ ከውጭ መቀባት ግን ግፊቱን አይችልም፣ በጓርኒሲዮን (በሁለት ብረቶች መጋጠሚያ መካከል የሚገባ ማሸጊያ) ላይ በብዛት ሲደረግ ደግሞ ተርፎ ወደ ውስጥ ይገባና ጠባብ የውሃ መተላለፊያዎችን ይደፍናል። ማኒኮቶ ካረጀ ከነፋሸታው (ከነማሰሪያ ቀለበቱ) ይለወጥ። የቴስታታ (ሲሊንደሮቹን ከላይ የሚከድነው የሞተር ክፍል) ጓርኒሲዮን ሲለወጥም ቴስታታው አለመጣመሙ ቀጥ ባለ ማስመሪያ ሳይረጋገጥ አይታሰር፤ ብሎኖቹም ከመሃል ወደ ዳር፣ በመመሪያው በተሰጠው ልክ፣ በዙር በዙር ይጥበቁ።

የኩላንት ክዳንን ማንም ከቁም ነገር አይቆጥረውም። ጣና ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሚገኝ ክፍት ውሃ እዚህ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ94 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው። ክዳኑ ግፊት ካልያዘ ሞተሩ ሳይታመም ኩላንቱ ፈልቶ ይወጣል፣ ባለቤቱም የሌለ ቀዳዳ ሲፈልግ ይውላል። ክዳኑን በሙቀቱ መክፈት ፊትና እጅ ያቃጥላል፤ በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ መጨመር ደግሞ ቴስታታውን ሊሰነጥቅ ይችላል።

ከ2011 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ወዲህ በጣና ላይ የታየው እምቦጭ የሌላ ስህተት ምንጭ ሆኗል። ሥሩና ቅጠሉ የውሃ መሳቢያውን ሲደፍን ሞተሩ ይግላል፣ ሙቀቱም ጓርኒሲዮኑን ያቃጥላል። ጓርኒሲዮኑን ለውጦ ማጣሪያውን ሳያጸዱ መመለስ ያንኑ ጥፋት በድጋሚ መግዛት ነው።

የዘይት መለኪያው ዘንግ ላይ ዘይቱ ማኪያቶ መስሎ ከታየ ሞተሩ ዳግም አይነሣ። ውሃ ሲሊንደር ውስጥ ካለ፣ እንደ አየር ስለማይታመቅ፣ ፒስተኑ ሲወጣ ቢዬላውን (ፒስተኑን የሚይዘውን ክንድ) ያጣምማል። ኢንጀክተሮቹ (ነዳጅ የሚረጩት) ወይም ካንዴላዎቹ (እሳት የሚያቀጣጥሉት) ተፈትተው ሞተሩ በእጅ ይዙር፣ ውሃው ይውጣ፣ ከዚያ በኋላ ምንጩ ይፈለግ። በዘይት መሙያው ክዳን ሥር ብቻ የሚታይ ጥቂት ነጭ አረፋ ግን ከእርጥበት የመጣ ሊሆን ስለሚችል ለብቻው ሞተር አያስፈታም።

ጥገናው ሲያልቅ ጀልባውን ወደቡ ላይ አስሮ አሥር ደቂቃ ማስነሣት እንደ ሙከራ ይቆጠራል፤ ይህ ስህተት ነው። ሞተሩ ያለ ጭነት ሲዞር ግፊቱም ሙቀቱም ትንሽ ነውና ደካማው መጋጠሚያ አይፈተንም። ያለ ተሳፋሪ፣ በተመጣጣኝ ጭነት፣ ሌላ ጀልባ በቅርብ እያለ ወደ ዘጌ አቅጣጫ ሄዶ መመለስ፣ ሞተሩ ሲበርድም ፋሸታዎቹን እንደገና መፈተሽ ያስፈልጋል። ከጀልባው ሆድ የሚቀዳው ዘይት የነካው ውሃ በጀሪካን ተይዞ ወደ የብስ ይውጣ፤ የዳር ሰዎች የሚጠጡት፣ ዓሣውም የሚረባው በዚሁ ሐይቅ ነው።