አምስት ሆናችሁ አውሮፓ ስትሄዱ ሆቴል እንዴት ትይዛላችሁ?

ቤተሰባችን አምስት ነው። እኔና ባለቤቴ፣ የ12 ዓመት ሴት ልጃችን፣ የ8 ዓመት ወንድ ልጃችንና የ3 ዓመቷ ትንሿ። የምንኖረው ሜሪላንድ ነው። ለእረፍት ወደ አዲስ አበባ ስንሄድ መንገድ ላይ አንድ የአውሮፓ ከተማ መርጠን ሦስት አራት ቀን ማረፍ ከጀመርን ቆይተናል። ልጆቹ ይወዱታል፣ ረጅሙም በረራ ለሁለት ይከፈላል። የሚያስቸግረው ሆቴሉ ነው።

አሜሪካ ሁለት ትልልቅ አልጋ ያለው ክፍል ትይዛላችሁ፣ ልጆቹን ታስገባላችሁ፣ አለቀ። አውሮፓ እንደዚያ አይደለም። መጀመሪያ ፓሪስ ስንሄድ አንድ ሆቴል ሁለት ክፍል ያዝን። ከምሽቱ 3 ሰዓት፣ ትንሿ ትከሻዬ ላይ እንደተኛች ሪሴፕሽን ስንደርስ አንዱ ክፍል ሁለተኛ ፎቅ፣ ሌላው አምስተኛ ፎቅ ሆኖ ጠበቀን። ሌላ ባዶ ክፍል የለም። ሦስቱንም ሌሊት ባለቤቴ ከሁለቱ ልጆች ጋር ላይ፣ እኔ ከትንሿ ጋር ታች አደርን። ሁለት ክፍል አንድ ላይ ከያዝን ጎን ለጎን ይሰጡናል ብለን ነበር። በጽሑፍ ካላረጋገጡላችሁ ግን እንደዚያ የሚባል ነገር የለም።

ከዚያ ወዲህ የተማርኩትን ልንገራችሁ።

ከሁሉ በፊት ሰው ቁጠሩ። በትክክል ቁጠሩ። የአውሮፓ ሆቴል ክፍል የሚሸጠው በሰው ቁጥር ነው፤ ለሁለት ሰው የተባለ ክፍል ለሁለት ሰው ነው። ሕንፃዎቹ ያረጁ፣ ክፍሎቹ ጠባብ ናቸው፣ በእሳት አደጋ ደንብ ምክንያትም አንድ ክፍል ውስጥ የሚያድረው ሰው ይወሰናል። ብዙ ጊዜ እንደ ሰው የማይቆጠረው በሕፃን አልጋ የሚተኛ፣ ሁለት ዓመት ያልሞላው ልጅ ብቻ ነው። እኛ ሀገር ዘመድ ቤት ሲኬድ ፍራሽ ይነጠፋል፣ ልጆች ተጠጋግተው ይተኛሉ፣ ማንም ቅር አይለውም። ያንን ይዛችሁ «ልጆቹን ዝም ብለን እናስገባቸዋለን» እንዳትሉ። ጣሊያን ውስጥ ለምሳሌ ሆቴሉ የእያንዳንዱን እንግዳ ስም በ24 ሰዓት ውስጥ ለፖሊስ ማሳወቅ ግዴታው ነው፣ ስለዚህ የልጆቹንም ፓስፖርት ይጠይቃችኋል። ያልተመዘገበ ልጅ ይዛችሁ ብትገኙ ወይ ተጨማሪ ትከፍላላችሁ ወይ ክፍል የለም ትባላላችሁ፣ ያውም በምሽት፣ ያውም በደከመ ልጅ ላይ።

እና ስትፈልጉ የሁሉንም ልጆች ዕድሜ አስገቡ። ዋጋው እንዳይወደድ ብለው ሁለት አዋቂ ብቻ አስገብተው የሚፈልጉ አሉ። የሚያዩት ዋጋ የእነሱ ዋጋ አይደለም። የምታስገቡትም ዕድሜ በጉዞው ቀን የሚኖራቸው ዕድሜ ነው፤ በመሃል ልደት ካለ አስቡበት። ደግሞ አሜሪካ የምንኖር ሰዎች ቀኑን እንጠንቀቅ፦ አውሮፓ 04/07 ማለት ጁላይ 4 እንጂ ኤፕሪል 7 አይደለም።

ቀጥሎ የአልጋው ጉዳይ ነው። ኮከቡን ተዉት። ባለ አራት ኮከብ ሆኖ ልጃችሁ የት እንደሚተኛ የማይታወቅበት ክፍል ምን ያደርግላችኋል? የክፍሉን ዝርዝር ክፈቱና ስንት አልጋ፣ ምን ዓይነት አልጋ እንደሆነ አንብቡ። ጀርመንና ኦስትሪያ የሁለት ሰው አልጋ የሚባለው ብዙ ጊዜ ሁለት ነጠላ አልጋ ተገጣጥሞ ነው፣ ብርድ ልብሱም ለየብቻ ነው፤ መሃል ላይ የሚተኛ ልጅ ክፍተቱ ውስጥ ይገባል። ፈረንሳይ በርካሹ ሆቴል 140 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው አልጋ ለባልና ሚስት ይሰጣል። ለሁለት እንኳ ጠባብ ነው፣ ልጅ አትጨምሩበት። ጣሊያን «ማትሪሞኒያሌ»፣ የባልና ሚስት አልጋ ማለት ነው፣ ሲሉ ብዙ ጊዜ 160 ገደማ ነው። «ትሪፕላ» የሦስት ሰው፣ «ኳድሩፕላ» የአራት ሰው ክፍል ነው። እነዚህን ቃላት ያዙ፣ ይጠቅማሉ፤ በሆቴሉ በራሱ ገጽ ላይ ስትፈልጉ ቶሎ ታገኟቸዋላችሁ።

የክፍሉን ስፋትም እዩ። በካሬ ሜትር ይጻፋል። እኔ ለአራት ሰው ከ25 ካሬ በታች ከሆነ አልፈዋለሁ፣ ምክንያቱም የሚዘረጋው ሶፋ ሲዘረጋ ሻንጣ የሚቀመጥበት ቦታ አይተርፍም፣ ሌሊት መታጠቢያ ቤት ለመሄድ የልጅ እግር መርገጥ ይመጣል።

አራት የሆናችሁ፣ ማለትም ሁለት አዋቂና ሁለት ልጅ፣ ነገሩ ይቀላችኋል። ኖቮቴል የሚባለው ሆቴል ከ16 ዓመት በታች የሆኑ ሁለት ልጆችን ከወላጆቻቸው ጋር በአንድ ክፍል ያለ ተጨማሪ ክፍያ፣ ከነቁርሳቸው ይቀበላል። እንግሊዝ ከሄዳችሁ ፕሪሚየር ኢን የቤተሰብ ክፍል አለው፤ አንድ አዋቂ ሙሉ ቁርስ ከገዛ ሁለት ልጆች ቁርስ በነፃ ይበላሉ። ሁለት ጎረምሳ ልጅ ላለው ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። እንዲያም ሆኖ ስትይዙ ልጆቹ ስማቸው መግባቱን አረጋግጡ።

አምስትና ከዚያ በላይ ከሆናችሁ ምርጫው ይጠብባል። ኮኔክቲንግ ሩም የሚባለው አንደኛው መንገድ ነው፤ ሁለት ክፍል ሆኖ በመሃላቸው የውስጥ በር አለ። ጎን ለጎን ያለ ክፍል ግን ሌላ ነው፤ ከአንዱ ወደ ሌላው ለመሄድ ወደ ኮሪደር መውጣት አለባችሁ። ይህንን ልዩነት ስትጽፉላቸው ግልጽ አድርጉ። ሜይኒንገርና ኤ ኤንድ ኦ የሚባሉት ደግሞ በጀርመን ከተሞችና በሌሎችም ቦታዎች አራት፣ አምስት፣ ስድስት አልጋ ያላቸውን ክፍሎች ለአንድ ቤተሰብ ብቻ ያከራያሉ። ተደራራቢ አልጋ ነው፣ ልጆች ግን እሱን ነው የሚወዱት።

የእኔ ምርጫ አፓርትመንት ሆቴል ነው። አዳጂዮና ሲታዲን የሚባሉትን ታገኛላችሁ፣ በየከተማው ሌሎችም አሉ። ሪሴፕሽን አለው፣ እንደ ሆቴል ነው፣ ግን ትንሽ ኩሽና ይጨምርበታል። ለምን እንደምመርጠው ልንገራችሁ። አንድ ክረምት እናቴ ከአዲስ አበባ መጥታ ሮም ተገናኘን፣ ስድስት ሆንን። ነሐሴ ነበር፣ ፍልሰታ ገብቷል። የሆቴሉ ቁርስ እንቁላል፣ አይብ፣ የአሳማ ሥጋና በቅቤ የተሠራ ኬክ ነው፤ እናቴ ምኑን ትብላ? ኩሽና በመኖሩ ከሻንጣዋ ሽሮዋን አወጣች፣ ከሱቅ ሽንኩርት፣ ቲማቲምና ዘይት ገዛን፣ ሁላችንም በላን። ስለዚህ አዛውንት ወይም ጿሚ ይዛችሁ ከሆነ ለኩሽና ተጨማሪ ብትከፍሉ አትጸጸቱም። አንድ ነገር ግን፦ ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ ካለ ሀገር ወደ ኅብረቱ ሥጋና የወተት ውጤት ይዞ መግባት የተከለከለ ነው። ቋንጣውንና የተነጠረውን ቅቤ ቤት ተዉት፣ ይወስዱባችኋል። ክፍል ውስጥም ቡና አትቁሉ፣ ዕጣንም አታጭሱ፤ የጭስ ማስጠንቀቂያው ጮሆ ሕንፃውን ሙሉ ያስወጣል።

ሮም ውስጥ ብዙ ሰው የማያስበው ሌላ ማረፊያ አለ። በካቶሊክ ገዳማት የሚተዳደሩ የእንግዳ ቤቶች፣ «ካዛ ፐር ፌሪዬ» ይሏቸዋል። ክፍሎቹ ቀለል ያሉ ንጹሕ ናቸው፣ የሦስትና የአራት ሰው ክፍል ያላቸው ብዙ ናቸው። አንዳንዶቹ ግን ማታ በር የሚዘጉበት ሰዓት አላቸው፣ ጠይቁ።

የግል ቤት መከራየትም ይቻላል፣ እኔ ግን ለሦስት ሌሊት አልመክረውም። የጽዳት ክፍያው ለአጭር ጊዜ ይከብዳል፣ ችግር ሲፈጠር የምታናግሩት ሰው በአካል የለም። ከያዛችሁም የቤቱ የምዝገባ ቁጥር ማስታወቂያው ላይ መጻፉን እዩ። ከተሞቹ ደንቡን እያጠበቁ ነው፤ ባርሴሎና ለቱሪስት የሚከራዩ አፓርትመንቶችን ፈቃድ እ.ኤ.አ. በ2028 ሲያበቃ አላድስም ብላለች።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ፦ ለሆቴሉ ጻፉለት። ከመያዛችሁ በፊት ኢሜይል ላኩ። ረጅም አይሁን፣ እንግሊዝኛው ያማረ እንዲሆንም አትጨነቁ። ስንት ሰው እንደሆናችሁና የልጆቹን ዕድሜ፣ የምትገቡበትንና የምትወጡበትን ቀን ጻፉ። ከዚያ እነዚህን ጠይቁ። እያንዳንዱ ሰው የሚተኛበት አልጋ የቱ ነው? ሁለት ክፍል ከሆነ የውስጥ በር አለው ወይ፣ ያንን ሊያረጋግጡላችሁ ይችላሉ ወይስ «እንሞክራለን» ነው የሚሉት? ሊፍቱ እስከ ክፍሉ ፎቅ ይደርሳል? የልጅ ጋሪስ ይገባበታል? ሊፍት ያለው ሆኖ ከመንገድ እስከ ሊፍቱ አሥር ደረጃ ያለበት ሕንፃ ብዙ ነው፣ የፓሪስና የሮም ሊፍት ደግሞ አንዳንዴ ሁለት ሰው ከነሻንጣው አይችልም። በበጋ ከሆነ ኤሲ አለ ወይ? ፓሪስና ለንደን ውስጥ ብዙ ሆቴል የለውም፣ በሙቀቱ ሰሞን ልጅ እንቅልፍ ያጣል። ተጨማሪ አልጋ ወይም የሕፃን አልጋ ያስከፍላል ወይ?

የሚመልሱላችሁን መልስ አስቀምጡት፣ ስልካችሁ ላይ ይኑር። መልሱ ራሱም ብዙ ይናገራል። በአንድ ቀን፣ ጥያቄያችሁን አንድ በአንድ የመለሰ ሆቴል ስትደርሱም ያስተናግዳችኋል። «ጥያቄዎ ሲደርሱ ይታያል» ካለ ተዉት፣ ሌላ ፈልጉ። አንዳንዴ ደግሞ በኢንተርኔት የማይታይ የአምስት ወይም የስድስት ሰው ክፍል አለን ብለው ይጽፋሉ፤ ሮም ያገኘነው እንደዚያ ነው።

የከተማ ግብር የሚባለውን አትርሱ። ስትይዙ ከሚታየው ዋጋ ውጭ ሆኖ እዚያው ሊከፈል ይችላል። ሮም በሰው፣ በሌሊት፣ በኮከብ ነው የሚታሰበው፤ ባለ ሦስት ኮከብ ሆቴል 6 ዩሮ ነው፣ ከ10 ዓመት በታች ያሉ ልጆች አይከፍሉም። እንደኛ ሁለት አዋቂና የ12 ዓመት ልጅ ብትሆኑ ለአራት ሌሊት 72 ዩሮ መጣ ማለት ነው። ፓሪስ ከ18 ዓመት በታች ያሉት ነፃ ናቸው። አምስተርዳም ግን ከክፍሉ ዋጋ 12.5 በመቶ ይወስዳል፣ ስለዚህ ለቤተሰብ ሁለት ክፍል ሲያዝ ይከብዳል።

ሰፈር ስትመርጡ ወደ ሐውልቱ የሚቀርበውን ሳይሆን ያለ ብዙ ደረጃ ባቡር የሚያገኘውን ፈልጉ። የፓሪስ ሜትሮ አብዛኛው ሊፍት የለውም፣ መስመር 14 ግን ሁሉም ጣቢያው አለው፣ እስከ ኦርሊ አየር ማረፊያም ይደርሳል፤ በርሲ አካባቢ ያረፍነው ለዚህ ነው። ሮም ቴርሚኒ ጫጫታ ቢኖርበትም ከፊዩሚቺኖ አየር ማረፊያ ቀጥታው ባቡር በ32 ደቂቃ ያደርሳችኋል፣ የሜትሮ ኤ እና ቢ መስመሮችም እዚያ ይገናኛሉ። በዙሪያው የሐበሻ ምግብ ቤቶች አሉ። እኛ ልጆቹን በሜትሮ ቺርኮ ማሲሞ ወስደን የአክሱም ሐውልት ከ60 ዓመት በላይ ቆሞበት የነበረውን ፖርታ ካፔና አደባባይ አሳየናቸው፣ ታላቋ ልጄ «ቦታው ባዶ በመሆኑ ደስ ብሎኛል» አለች።

ስለ ክፍያው፣ በነፃ የሚሰረዘውን ያዙ። ትንሽ ይወደዳል፣ ግን ልጅ ይታመማል፣ በረራ ይቀየራል። ከኢትዮጵያ ሸንገን ቪዛ ለሚጠይቅ ሰው ደግሞ ሌላ ምርጫ የለም እላለሁ፤ ቪዛው ቢከለከል የማይመለስ ክፍያ ገደል ገባ ማለት ነው። ማመልከቻው ከጉዞው ከ6 ወር በፊት ጀምሮ ይገባል። የቪዛው ዋጋ ለአዋቂ 90 ዩሮ፣ 6 ዓመት ሞልቶት 12 ላልሞላው ልጅ 45 ነው፣ ከዚያ በታች ነፃ። የጤና ኢንሹራንሱ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን መሆን አለበት። የሆቴሉ ማረጋገጫ ላይ የሁሉም ተጓዥ ስም፣ የአያትም የልጆችም፣ በፓስፖርቱ ላይ እንዳለው ፊደል በፊደል ይጻፍ። ለእናቴ ያን ጊዜ ሆቴሉን በስሟ አስጨምሬ አዲስ ማረጋገጫ እንዲልኩ አድርጌ ነበር፣ አንድ ኢሜይል ብቻ ነው የፈጀብኝ።

ክፍል የሚሰጡት ብዙ ጊዜ በእነሱ 15 ሰዓት፣ በኛ ከቀኑ 9 ሰዓት ነው። ከአዲስ አበባ የሚነሳው በረራ ግን ሌሊቱን በሮ ብዙውን ጊዜ በማለዳ ያደርሳል። ያን ሁሉ ሰዓት ልጆች ሶፋ ላይ አታስቀምጡ። ቀደም ብለው ሊያስገቧችሁ ይችሉ እንደሆነ፣ ካልቻሉም ሻንጣ ያስቀምጡላችሁ እንደሆነ ጠይቁ፤ የልጆቹን ቅያሪና ፒጃማ በእጅ ቦርሳ ያዙ።

ከመሄዳችሁ ከሳምንት በፊት አንድ ጊዜ ደግማችሁ ጻፉ፣ የቀድሞውን መልሳቸውን ከሥሩ አድርጋችሁ። ስትደርሱም ሻንጣ ሳትፈቱ በፊት አልጋዎቹን ቁጠሩ። ሶፋውን ዘርጉት፣ አንሶላና ትራስ አለው ወይ? ከሌለው ሪሴፕሽን ሰው እያለ፣ ልጆቹም ሳይተኙ አሁኑኑ አስመጡ።