ያረጀ የፋይበርግላስ ሞተር ጀልባ፦ ምልክቱ፣ መንስኤው፣ ጥገናው

የደንገል ታንኳ ውሃ ሲጠግብ ይከብዳል፤ ባለቤቱም ዳር አውጥቶ ፀሐይ ያስመታዋል። የፋይበርግላስ ጀልባ ግን ከዚህ ጣጣ ነፃ ነው ብሎ የሚያምን ብዙ ነው። ፋይበርግላሱስ አይበሰብስም፤ የሚበሰብሰው በሁለት የፋይበር ንብርብር መሃል የተቀበረው ኮምፔንሳቶ ነው። ሃያና ሠላሳ ዓመት ያገለገለ ጀልባ ላይ የሚታየው ከባድ ብልሽት ብዙውን ጊዜ መነሻው አንድ ሰው ወንበር ሲያስር በስቶ በደንብ ሳያሽጋት የተዋት የብሎን ቀዳዳ ናት።

ወለሉ ሲረገጥ ይሰረጉዳል

በመዶሻ እጀታ ወለሉን እየመቱ ያዳምጡ። ደህናው ጥርት ብሎ ይጮኻል፤ የበሰበሰው ድምፁ የታፈነ ነው። የታፈነውን ሁሉ በእርሳስ ያክብቡት፤ ከጠበቁት በላይ ሰፊ ሆኖ ቢያገኙት አይደንግጡ።

ከላይ አንድ ንብርብር ፋይበር ደርቦ መገላገል የተለመደ ነው። እርጥበቱን ውስጥ ቆልፎ ማስቀመጥ ስለሆነ ብስባሹ መስፋፋቱን ይቀጥላል። የላዩን ፋይበር ቆርጠው ያንሱ፤ ደረቅና ጠንካራ እንጨት እስኪያገኙ ድረስ ይፈልፍሉ፤ የቀረውም በደንብ ይድረቅ። አዲሱን ኮምፔንሳቶ ከመግጠምዎ በፊት ጠርዙን ጭምር ሬዚን (ፋይበሩን የሚያጣብቀውና ሲደርቅ የሚጠነክረው ፈሳሽ) ያጠጡት። የአሮጌውን ፋይበር ጠርዝ በግራይንደር አሾልተው ያዘንብሉት፤ ለ1 ሚሊ ሜትር ውፍረት 12 ሚሊ ሜትር ያህል ተዳፋት ይበቃዋል። ቀጥ ብሎ የተቆረጠ ጠርዝ ላይ የተለጠፈ ፋይበር ቆይቶ ይላቀቃል።

ሬዚኑ ሁለት ዓይነት ነው፣ ኢፖክሲና ፖሊስተር፤ ኢፖክሲ አሮጌ ፋይበር ላይ ከፖሊስተር ይበልጥ አጥብቆ ይይዛል። ነገር ግን ኢፖክሲ ከመረጡ የተሸመነውን የፋይበር ጨርቅ ይጠቀሙ። ብትን ክር ያለው ተራው የፋይበር ምንጣፍ ክሮቹን የያዘው ማጣበቂያ የሚሟሟው በፖሊስተር ሬዚን ውስጥ ባለው ስታይሪን በተባለ ፈሳሽ ነው፤ ኢፖክሲ ውስጥ ግን ይህ የለም። በደረቀ ኢፖክሲ ላይ ፖሊስተር መቀባትም አያዋጣም፤ አይጣበቅም። የፖሊስተር ሃርደነር (ሬዚኑን የሚያደርቀው ፈሳሽ) መጠኑ ከሬዚኑ ከ1 እስከ 2 በመቶ ነው። በቀትር ፀሐይ ሬዚኑ ጣሳው ውስጥ ይደርቅብዎታልና ማለዳ፣ ጥቂት ጥቂት እያደረጉ ይበጥብጡ። ሃርደነርና ኮባልት (የሬዚኑን መድረቅ የሚያፋጥነው) በቀጥታ ፈጽሞ አይገናኙ፤ ሊፈነዱ ይችላሉ። የፋይበር አቧራም ሳንባ ስለሚጎዳ ያለ ማስክ አይሞርዱ።

ሞተሩ የታሰረበት የኋላ ግድግዳ ይንቀሳቀሳል

ጀልባው የብስ ላይ እንዳለ የሞተሩን ታችኛ ጫፍ ይዘው ወደ ላይና ወደ ታች ይግፉ፤ ሌላ ሰው ግድግዳውን ይመልከት። ከተለመጠ፣ ማዕዘኑ ላይ ስንጥቅ ከተከፈተ፣ ወይም የታችኛው ብሎን ሲፈታ ቡናማ ውሃ ከወጣ እንጨቱ አልቋል። ከዚህ በኋላ አንድም ጉዞ አይሂዱ፤ ሞተሩ ተገንጥሎ ሐይቅ የሚገባው እንዲህ ነው። ጥገናው እንደ ወለሉ ነው፣ ከውስጥ በኩል ተከፍቶ ይሠራል፤ ውፍረቱም እንደ ቀድሞው ይሁን።

የብሎኖቹን ቀዳዳ ግን በልዩ ሁኔታ ያዘጋጁ። አስፍተው ይብሱ፣ በወፈረ ኢፖክሲ ይሙሉ፣ ሲደርቅ መሃሉን በብሎኑ ልክ ደግመው ይብሱ። ያኔ ብሎኑ እንጨቱን ስለማይነካ በዙሪያው ውሃ ቢሾልክ እንኳ እንጨቱ ጋ አይደርስም።

ሞተሩ ይሞቃል

በጎኑ የምትወጣውን ቀጭን የውሃ መስመር ይዩ። ከቆመች ሞተሩን ወዲያው ያጥፉ። ጣና ላይ ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ወዲህ እምቦጭ የተባለው የውሃ አረም ስላለ መጀመሪያ የውሃ መሳቢያውን ወንፊት ያጽዱ። ካልተስተካከለ የውሃ ፓምፑ ጎማ ነው፤ በየዓመቱ ወይም በየሁለት ዓመቱ መለወጥ አለበት። ሲፈታ አንድ ክንፉ ጎድሎ ካገኙት ቁራጩን ሳይፈልጉ አይግጠሙ፤ ወደ ላይ ወጥቶ መተላለፊያ ዘግቶ ይሆናል።

የማርሽ ዘይቱ ወተት ከመሰለ ውሃ ገብቶበታል። ፕሮፔለሩን ፈትተው ዘንጉን ይዩ፤ የተጠመጠመ የናይለን መረብ በዘንጉ ዙሪያ ውሃ እንዳይገባ የሚከለክለውን የጎማ ቀለበት (ሲል) ቆርጦት ሊሆን ይችላል። ቀለበቱን ለውጠው አዲስ ዘይት ይሙሉ።

ሞተሩ ደህና ነው፣ ጀልባው ግን አይነሳም

ሞተሩ እየጮኸ ጀልባው ካልፈጠነ የፕሮፔለሩ መሃል ጎማ ይንሸራተት ይሆናል። ከውስጠኛው ቱቦ እስከ ውጭኛው አካል በቀለም አንድ መስመር ያስምሩና ጥቂት ይንዱ። መስመሩ ከተዛነፈ አግኝተውታል።

ሞተሩ ራሱ መዞር ካቃተው ከፍታውን ያስቡ። ጣና ከባሕር ጠለል 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ300 ሜትሩ ወደ 3 በመቶ ጉልበት ያጣል። የ40 ፈረስ ጉልበት ሞተርዎ እዚህ ከ33 ብዙም አይበልጥም። ካርቡራተሩን ከመክሰስ በፊት ፒቹ (ፕሮፔለሩ በአንድ ዙር ወደፊት የሚገፋው ርቀት) አነስ ያለ ፕሮፔለር ይሞክሩ፤ አንድ ኢንች ሲቀነስ በደቂቃ ከ150 እስከ 200 ዙር ይጨምራል።

ይህም ካልሠራና ጀልባው ውሃ ላይ ከድሮው ዝቅ ብሎ ከተቀመጠ፣ ከወለሉ ሥር ለመንሳፈፊያ የተሞላው ፎም ውሃ ጠጥቷል። ትንሽ ቀዳዳ ከፍተው ናሙና አውጥተው ይጭመቁ። የራሰ ፎም ፀሐይ ላይ ቢውልም እዚያው ተዘግቶ ስለማይደርቅ ተቆርጦ መውጣት አለበት።