ሰውኛ እንስሳት በሚኖሩበት የልብ ወለድ ዓለም ውስጥ የእንስሳት ማላመድ ሥርዓት እንዴት ይገነባል?

በሁለት እግሩ የሚሄድ፣ ኮት የለበሰና የሒሳብ መዝገብ በብብቱ የያዘ በሬ የልብ ወለድ ገጸ ባሕርይ ቢሆን አንባቢ ያለ ብዙ ክርክር ይቀበለዋል። ይኸው በሬ ማለዳ ተነሥቶ፣ በረት ገብቶ፣ በአራት እግሯ የቆመች ላም ማለብ ሲጀምር ግን አንባቢው "ይህችስ ማን ናት? ለምን አትናገርም?" ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ደራሲው አስቀድሞ መልስ ካላዘጋጀ ታሪኩ የሚላላው እዚህ ላይ ነው። ቀጥሎ የቀረቡት ደረጃዎች ሰው በእውኑ ዓለም እንስሳትን ያላመደበትን መንገድ መነሻ አድርገው፣ እንስሳት ራሳቸው የማኅበረሰቡ አባላት በሆኑበት ዓለም ውስጥ ተመሳሳይ ሥርዓት እንዴት ሊታሰብ እንደሚችል ያሳያሉ። ደረጃዎቹ እኩል ክብደት የላቸውም፤ በሁለተኛውና በአምስተኛው ላይ ጊዜ ወስዶ ማሰብ ያዋጣል።

ደረጃ 1፦ መግራትንና ማላመድን ይለዩ

ሁለቱ ቃላት በዕለት ተዕለት ንግግር ይደባለቃሉ። መግራት አንድ እንስሳ በዕድሜው ውስጥ የሰውን ቅርበት እንዲለምድና እንዲታዘዝ ማድረግ ሲሆን፣ ማላመድ ግን የትኛው ከየትኛው ጋር እንደሚዳቀል በመምረጥ በብዙ ትውልድ ውስጥ ዘሩን ራሱን የሚለውጥ ሂደት ነው። ዝሆን ለብዙ ሺህ ዓመታት ግንድ ሲጎትትና ጦር ሜዳ ሲሰለፍ ኖሯል፤ ሆኖም የሥራ ዝሆኖች በአብዛኛው ከጫካ እየተያዙ የተገሩ በመሆናቸው ዝሆን የተላመደ እንስሳ ነው አይባልም። የሕንድ የሙጋል ነገሥታት አቦሸማኔን ለአደን ያሠለጥኑት ነበር፤ በምርኮ እያለ ስለማይራባላቸው ግን በየጊዜው አዲስ ማስያዝ ነበረባቸው። በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ዋልተር ሮትሽልድ የተባለው እንግሊዛዊ ባለጸጋ የሜዳ አህዮች በሚጎትቱት ሠረገላ በለንደን ጎዳናዎች ቢታይም፣ የሜዳ አህያ ከዚያ በኋላም የዱር እንስሳ ሆኖ ቀርቷል።

ልዩነቱ ለደራሲ የሚጠቅመው የሥራ ዘርፎችን ስለሚወስንለት ነው። ገጸ ባሕርያትዎ የሚጋልቡት እንስሳ የተገራ ብቻ ከሆነ አጥማጆች፣ ወጥመድ ሠሪዎችና ጫካ ለጫካ የሚዞሩ ነጋዴዎች ያስፈልጉዎታል። የተላመደ ከሆነ ደግሞ አርቢዎች፣ የዘር ሐረግ መዝጋቢዎችና በአውራ እንስሳ ኪራይ የሚካሰሱ ጎረቤታሞች ይኖሩዎታል።

ደረጃ 2፦ በሚናገረውና በማይናገረው መካከል ያለውን መስመር ያስምሩ

ማን የማኅበረሰቡ አባል ነው? ማንስ ከብት ነው? ይህ ከሁሉም የሚቀድም ውሳኔ ነው። ቀላሉ መንገድ በመደብ መለየት ነው፤ አጥቢዎች ሁሉ ይናገራሉ፣ ይነግዳሉ፣ ይጋባሉ፤ ዓሦች፣ ወፎችና ነፍሳት ግን በእኛ ዓለም ያሉትን ዓይነት እንስሳት ሆነው ይቀራሉ። አንባቢ ሕጉን ወዲያው ስለሚረዳ ለመጀመሪያ ሥራ የሚመከረው ይህ ነው። ድክመቱ መስመሩ ያለ ምክንያት የተሰመረ መምሰሉ ነው፤ ቁራን የመሰለ ብልህ ወፍ ከመስመሩ ውጭ አስቀርቶ ጥንቸልን ወደ ውስጥ ማስገባት ማብራሪያ ይፈልጋል።

ሁለተኛው መንገድ አንድ ዓይነት እንስሳ በሁለቱም ወገን እንዲኖር ማድረግ ነው፤ በመግቢያው ላይ የጠቀስነው በሬ ያለበት ችግር ይህ ነው። መፍትሔውም በእውኑ ዓለም ይገኛል። ተኩላና ውሻ ከአንድ ግንድ የወጡ፣ ዛሬም ሊዳቀሉ የሚችሉ፣ ኑሯቸው ግን ፈጽሞ የተለያየ እንስሳት ናቸው። ዛሬ በየበረቱ ያለው ከብት ሁሉ የዱር ቅድመ አያት ነበረው፤ የዚያ የዱር ከብት የመጨረሻዋ እንስት እ.ኤ.አ. በ1627 ፖላንድ ውስጥ እንደሞተች ተመዝግቧል። በልብ ወለዱም የሚናገረው የበሬ ሕዝብ ከማትናገረው ላም ጋር የጥንት ዘመድ ቢሆን፣ ዝምድናውም ለአንዳንዱ የሚያሳፍር፣ ለሌላው ተራ እውነት፣ ለሃይማኖተኛው ደግሞ ከባድ ጥያቄ ቢሆን፣ ከአንድ ቀላል ጥያቄ ሙሉ መጽሐፍ ሊወጣ ይችላል። አስቸጋሪው መንገድ ይህ ቢሆንም ከሦስቱ እጅግ ፍሬያማው እርሱ ይመስለኛል።

ሦስተኛው መንገድ ሁሉም እንስሳ የሚናገርበት ዓለም ነው። እዚያ ከብት የሚባል ነገር ስለሌለ ማላመድ ወደ ሥራ ውልነት ይለወጣል፤ የሚያርሰው በሬ ደመወዝተኛ ነው፤ ላሟ ወተቷን፣ ዶሮዋ እንቁላሏን ራሷ ትሸጣለች፤ ዋጋውንም ራሷ ትቆርጣለች። እንዲህ ያለው ዓለም ለፌዝ ይመቻል፤ ለረጅም ልብ ወለድ ግን ሥጋ በሎች ምን ይመገባሉ የሚለው ጥያቄ ቶሎ ያጣብባል።

የትኛውንም ቢመርጡ መስመሩን ያሰመረው ማን እንደሆነና መቼ እንዳሰመረው ይወስኑ። ተፈጥሮ ያሰመረችው መስመር አንድ ጊዜ ተነግሮ ያልቃል፤ ማኅበረሰብ ያሰመረው ግን ሊከራከሩበት፣ ሊያሻግሩትና ሊሽሩት ይቻላል። በአንዱ አገር ወፎች ዳኛ ሆነው ሲቀመጡ፣ ከወንዙ ማዶ ባለው አገር በቀፎ ታስረው ቢሸጡ ሴራው ግማሽ መንገድ ሄዷል ማለት ነው።

ደረጃ 3፦ ለመላመድ የሚበቁትን ይምረጡ

አሜሪካዊው ምሁርና ጸሐፊ ጃሬድ ዳይመንድ እ.ኤ.አ. በ1997 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ክብደታቸው ከ45 ኪሎ ግራም በላይ ከሆነ 148 የየብስ ተክል በልና ሁሉን በል አጥቢዎች መካከል ሰው በታሪክ ያላመዳቸው 14 ብቻ መሆናቸውን ጽፏል። በእርሱ አስተያየት አንድ እንስሳ እንዲላመድ የሚበላው በቀላሉ የሚገኝ መሆን፣ ቶሎ ማደግ፣ በአጥር ውስጥ መራባት፣ ክፉ ጠባይ የሌለው መሆን፣ በትንሽ ድንጋጤ የማይበረግግ መሆንና መሪ ያለው የመንጋ ኑሮ መኖር ይኖርበታል፤ ከእነዚህ አንዱ ከጎደለ ሌሎቹ ቢሟሉም አይሆንም።

እነዚህን መመዘኛዎች እንዳሉ ወደ ልብ ወለድ መውሰድ ግን ስሕተት ነው፤ የተለኩት በሰው ቁመትና በሰው ዕድሜ ነውና። አርቢው አይጥ ከሆነ ስሌቱ ሁሉ ይለወጣል። የቤት አይጥ በጥሩ አያያዝ ሁለት ዓመት ያህል ትኖራለች፤ ላም የመጀመሪያ ጥጃዋን የምትወልደው በሁለት ዓመቷ አካባቢ ነው። የአይጥ ሕዝብ ዕድሜ በእውኑ አይጥ መጠን ከተለካ ላምን ማላመድ የጀመረው አርቢ የመጀመሪያውን ጥጃ ሳያይ ይሞታል፤ ሥራውን ከትውልድ ወደ ትውልድ የሚያስተላልፍ ገዳም መሰል ተቋም ከሌለ በስተቀር ማላመድ አይቻለውም። በአንጻሩ የዝሆን ሕዝብ አንድ አርቢ በራሱ ዕድሜ ብዙ የበግና የፍየል ትውልድ ሲያልፍ ስለሚያይ፣ ለውጡን በገዛ ዓይኑ ይመሰክራል። የአርቢው ዕድሜ ከከብቱ ዕድሜ ጋር ያለውን ምጣኔ በወረቀት ላይ አስልቶ ማስቀመጥ ጥቂት ደራስያን የሚያስታውሱት ጠቃሚ ልምምድ ነው።

ለጥቃቅን ሕዝቦች ምሳሌው ከጉንዳን ይገኛል። ብዙ የጉንዳን ዝርያዎች ክሽክሽ የተባለውን የተክል ጭማቂ የሚመጥ ተባይ እየጠበቁ ከሰውነቱ የሚወጣውን ጣፋጭ ፈሳሽ ይመገባሉ፤ አንዳንዶቹም እንዳይሸሽ ክንፉን ይቆርጡታል። ፈንገስ የሚያለሙ ጉንዳኖች ደግሞ ከ50 ሚሊዮን ዓመታት በላይ የዘለቀ የግብርና ታሪክ አላቸው። እርባታን የጀመረው ሰው ብቻ አለመሆኑን ማስታወስ ደራሲውን ከአጉል ዓይን አፋርነት ያድነዋል።

ደረጃ 4፦ የመላመዱን መንገድና ያስገደደውን ፍላጎት ይወስኑ

ተመራማሪዋ ሜሊንዳ ዜደር የማላመድን መንገዶች በሦስት ትከፍላቸዋለች። በመጀመሪያው፣ እንስሳው ፍርፋሪ ወይም ጥራጊ ፍለጋ ራሱ ወደ መንደር ይጠጋል፤ የድመትና የውሻ መነሻ በዚህ ይመደባል። በሁለተኛው፣ ሲታደን የኖረ እንስሳ ቁጥሩ እንዳይመናመን መጠበቅ ይጀመራል፤ በግና ፍየል በዚህ መጡ። በሦስተኛው ሰው አስቦና አቅዶ ለጉልበቱ ወይም ለወተቱ ያላምደዋል፤ ፈረስና አህያ እንዲህ ናቸው። ቅደም ተከተሉም ትርጉም አለው፤ ጀርመን ውስጥ ከሁለት ሰዎች ጋር ተቀብሮ የተገኘው ውሻ ዕድሜው ወደ 14,000 ዓመት ሲጠጋ፣ የዛሬዎቹ ፈረሶች የወጡበት ዘር መስፋፋት የጀመረው ግን ከዛሬ 4,200 ዓመታት ገደማ በፊት ነው።

በሰውኛ ዓለም ውስጥ በዚህ ላይ ሽታ ይጨመራል። የተኩላ ሕዝብ በግ ማርባት ቢፈልግ መንጋው ጠረኑን ገና ሲያሸት ይበተናል፤ ስለዚህ ወይ ነፋስ እየተከተለ መኖር፣ ወይ እረኝነቱን ለፍየል ሕዝብ በኪራይ መስጠት ይኖርበታል። ተክል በል እረኛና ሥጋ በል ባለቤት አንድ መንጋ ሲጋሩ የሚፈጠረው ጥገኝነት ሠራተኛው ጌታውን የሚይዝበት ልጓም ነው።

ሥጋ በሎችን በሚመለከት ስሌቱን አይዝለሉት። ድመት ለዓይኗና ለልቧ የሚያስፈልጋትን ታውሪን የተባለ ንጥረ ነገር በበቂ መጠን በሰውነቷ ማዘጋጀት ስለማትችል ያለ ሥጋ መኖር አይሆንላትም፤ የድመት ገጸ ባሕርይም በጎመን ብቻ ይኖራል ማለት አያሳምንም። በሌላ በኩል በምግብ ሰንሰለት ውስጥ ከአንዱ እርከን ወደ ሚቀጥለው የሚያልፈው ኃይል በግምት ከመቶ አሥር ያህል ብቻ በመሆኑ፣ ሥጋ በሎች የበዙበት ከተማ በዙሪያው ሰፊ የግጦሽ መሬት ወይም ብዙ የዓሣና የነፍሳት እርባታ ሊኖረው ግድ ነው።

ደረጃ 5፦ የገጸ ባሕርያቱን ገላ ያንብቡ

ብዙ ደራስያን ከብቶቹን ብቻ ሲመረምሩ ገጸ ባሕርያቱ ራሳቸው የመላመድ ምልክት ተሸክመው እንደሚዞሩ ይረሳሉ። እ.ኤ.አ. በ1959 ዲሚትሪ ቤሊያየቭ የተባለው የሶቪየት ሳይንቲስት ኖቮሲቢርስክ አቅራቢያ የጀመረው፣ በኋላም ሉድሚላ ትሩት የመራችው ሙከራ የታወቀ ነው። ከቀበሮዎች መካከል ሰውን የማይፈሩት ብቻ እየተመረጡ ሲዳቀሉ፣ በጥቂት ትውልዶች ውስጥ ጅራት የሚቆሉ፣ ከዚያም ጆሯቸው የተንጠለጠለና ጠጉራቸው ዝንጉርጉር የሆነ ግልገሎች ታዩ። ቀበሮዎቹ ቀድሞውኑ ለቆዳ ንግድ በእርባታ የኖሩ ስለነበሩ ከለውጡ ጥቂቱ ከሙከራው በፊት የነበረ ነው የሚል ትችት በኋላ ቀርቧል፤ ቢሆንም የተንጠለጠለ ጆሮ፣ ነጭ ነጠብጣብ፣ አጭር አፍንጫና አነስ ያለ አንጎል በተላመዱ እንስሳት ላይ ተደጋግመው የሚታዩ ምልክቶች ናቸው።

እንግዲህ መርማሪ ፖሊስ የሆነው ውሻዎ ጆሮው የተንጠለጠለ ከሆነ አያቶቹን ያላመዳቸው ማን ነው? በግም እንዲሁ ናት። የዱር በግ ጠጉሯን በየዓመቱ ታራግፋለች፤ ለጠጉሯ የምትረባው በግ ግን በአብዛኛው አታራግፍም፣ ካልተሸለተችም ያድግባታል። እ.ኤ.አ. በ2015 አውስትራሊያ ውስጥ ለዓመታት ጠፍቶ ከተገኘ በግ 41.1 ኪሎ ግራም ጠጉር ተሸልቷል። በየዓመቱ ካልተሸለተች የምትታመም የበግ እመቤት፣ ያላወቀችውን የጥንት ታሪክ በጀርባዋ ተሸክማለች ማለት ነው።

ለጥያቄው ሦስት መልሶች ይታዩኛል። አንደኛው፣ ዛሬ የሌለ አላማጅ ነበረ፤ ሰዎች ኖረው ጠፍተው ይሆናል። ሁለተኛው፣ ራሳቸው ራሳቸውን አላመዱ፤ አንዳንድ ሳይንቲስቶች ቦኖቦ የተባለው ዝንጀሮ፣ ሰውም ጭምር፣ ጠበኞቹን ከመራባት እያገለለ በራሱ የለዘበ ነው የሚል መላ ምት አላቸው። ሦስተኛው፣ በዓለሙ ውስጥ አንዱ ሕዝብ ሌላውን አላምዷል። ይህ ሦስተኛው ኃይለኛ ቢሆንም ጥንቃቄ ይፈልጋል። የውሻ ዝርያዎች ሆን ተብሎ በተደረገ ምርጫ የተለያዩ ናቸው፣ አብዛኞቹም የዛሬ ቅርጻቸውን ያገኙት በ19ኛው መቶ ዓመት ነው፤ የሰው ልጅ ሕዝቦች ግን እንዲህ አልተፈጠሩም። ስለዚህ የልብ ወለዱን ዝርያዎች በእውኑ ዓለም ካሉ ሕዝቦች ጋር አንድ ለአንድ ማጋጠም የተጨቆነ ሕዝብ በደሙ ታዛዥ ነው የሚለውን ውሸት ደራሲው ሳያስበው ያስደግመዋል።

ደረጃ 6፦ ሕጉንና ቋንቋውን ያስተካክሉ

ይህ አጭር ሥራ ነው፤ የቀደሙት ከተወሰኑ አብዛኛው ራሱ ይመጣል። ማኮላሸት፣ በጋለ ብረት ምልክት ማድረግ፣ ግልገልን ከእናቱ መለየትና ማረድ በዓለሙ ውስጥ ለማን ይፈቀዳሉ፣ ለማንስ ያስቀጣሉ? ከዚያ ንግግሩን ይፈትሹ። "ከብት" ብሎ መሳደብ በበሬ ፊት ምን ማለት ነው? "እንደ በግ ተነዳ" የሚለውን የበግ ጠበቃ በፍርድ ቤት ትታገሠዋለች? ከእኛ ቋንቋ ሳይታሰብ የገባ እንዲህ ያለ አነጋገር ረቂቁ ሲታረም ተለቅሞ መውጣት፣ ወይም ሆን ተብሎ ስድብ ሆኖ መቀመጥ አለበት።

ደረጃ 7፦ በአንድ ትዕይንት ይሞክሩት

የወሰኑትን ሁሉ በማብራሪያ አይዘርዝሩት። ወደ መጀመሪያው በረት ይመለሱና ያንኑ በሬ እንደገና ይጻፉት። ላሟን ከማለቡ በፊት ፊቱን ወደ ግድግዳው ያዞር ይሆን? ወይስ የወተቱን ሥራ የሚሠራለት የፍየል ቅጥረኛ አለው፣ እርሱ ግን በረት ገብቶ አያውቅም? በጆሮዋ ላይ የተሰቀለውን የእርባታ ቁጥር ሲያነብ እጁ የት ያርፋል? አንድ ገጽ ጽፈው ጉዳዩን ለማያውቅ ሰው ይስጡና መስመሩ የት እንዳለና ማን እንዳሰመረው ይጠይቁት። መስመሩን ካገኘውና ያሰመረውን ግን ገና እያሰበ ከሆነ፣ ገጹን እንዳለ ትተው ወደሚቀጥለው ምዕራፍ ይሂዱ።